ከልጆቹ በፊት ወደ ላንጋኖ

አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን በየዓመቱ ከግድግዳው ካርታ ላይ በእንጨት እያመለከትኩ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ አንቺ የትኛው ሐይቅ ዳር አድረሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። የትኛውም ዳር አድሬ አላውቅም ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ለሥራ አዳማ የመጣሁ ነኝ። ላንጋኖን የማውቀው፣ እንደ ብዙው የከተማችን ሰው፣ በሰው ሰርግ ቪዲዮ ነው።

የክረምቱ ካምፕ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው። በሐምሌ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሃያ ሁለት የጂኦግራፊ ክበባችን ልጆች ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ሁለት ሌሊት እንዲያድሩ አሰብን። ርዕሰ መምህሩ ተስማሙ። ወላጆች ግን ለሁለት ተከፈሉ። ከሁሉም አምርረው የተቃወሙት ጋሽ ሁሴን ነበሩ። ጋሽ ሁሴን ወሎ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አዳማ ላይ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አባቷ የሞተባትን የልጅ ልጃቸውን፣ ተማሪዬን ሐያትን፣ የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው።

«አዋቂ አድሮ ያላየው ቦታ ልጅ አይላክም» አሉ በስብሰባው።

በመጨረሻ እኔ ቀድሜ ሄጄ ቦታውን እንዳይና አድሬበት እንድመለስ፣ ከወላጆችም አንድ ሰው አብሮኝ እንዲሄድ ተስማማን። ማን ይሂድ ሲባል ጋሽ ሁሴን ራሳቸው ተነሡ። «እኔ እሄዳለሁ። እምቢ ካልኩም አይቼ እምቢ ልበል።»

ሰኞ

የሰኔ ወር እያለቀ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መናኸሪያ ተገናኘን። እኔ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ የተዋስኳቸውን ሁለት ድንኳኖች፣ አንድ ሰማያዊና አንድ አነስ ያለ አረንጓዴ፣ ተሸክሜ ጀሪካንና ገመድ በእጄ ይዣለሁ። ጋሽ ሁሴን የያዙት አንድ ጋቢ፣ መስገጃና ለውዱ መታጠቢያ የሚሆን ትንሽ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው። ሸክሜን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ቤት ልትቀይሪ ነው እንዴ?» አሉኝ።

በቅጥቅጥ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ መቂ አቅጣጫ ሄድን። ጋሽ ሁሴን ጋቢና ካልተቀመጡ አይሆንላቸውም። ሾፌሩ ሊቀድም ባፈተለከ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን መያዛቸው ነው። ቆቃ ስንደርስ ሾፌሩ፣ «አባባ፣ ከፈለጉ ይንዱት» ሲላቸው፣ «መንጃ ፈቃዴ ባያልፍበት ኖሮ እሺ እልህ ነበር» አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ድልድዩ ጋ ወረድን። በእቅዴ ላይ ቆቃ አንደኛ ነበር፤ ለአዳማ ቅርብ ነው፣ አውቶቡስም እስከ ዳር ይገባል። ውሃው ዳር መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘንና ልጆች ድንኳን ተክለው ቢያድሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅነው። መርፌውን አቆመ።

«ጉማሬው ሲመሽ ሣር ሊግጥ የሚወጣው እዚሁ ነው» አለ የቆምንበትን እያሳየ። «አዞም አለ። እኔ የራሴን ልጅ አላሳድርም።»

ጋሽ ሁሴን የፈተና ውጤት እንደ ሰጠኝ አስተማሪ አዩኝ። ቆቃን ከደብተሬ ላይ ሰረዝኩት። ዓሣ አጥማጁ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ጀልባው ውስጥ ያቆየውን ፓፓያ ሰንጥቆ ሰጠን። መኪና እስክናገኝም መንገድ ዳር አብሮን ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለጥ ያለ ነው። አዳማ በየትኛውም በኩል ብትወጡ ተራራ ይገጥማችኋል፤ እዚህ ግን ዓይን የሚይዘው ነገር የለም፤ ግራር፣ የሽንኩርት ማሳ፣ በየመንገዱ ዳር የተከመረ ቲማቲም። እኛ ገበያ ላይ «የመቂ ነው» እየተባለ የሚሸጥልን ቲማቲም ከእርሻው አጠገብ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር!

ባቱ፣ እኛ እስካሁን ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ ከቀትር በኋላ ደረስን። በስልክ ሁለት አልጋ የያዝኩበት ፔንሲዮን አንድ አልጋ ብቻ እንዳለው ነገሩን። እኔ ስጨቃጨቅ ባለቤቷ ከጓዳ ወጡ፤ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው የጎላ ሴት ናቸው። አልጋ የሚያከራየውን ልጅ ተቆጡና እኔን በራሳቸው መኝታ ቤት አስተኙኝ፤ እሳቸው ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። እምቢ ብል፣ «አንቺ የሰው ልጅ ልታሳድሪ ነው የመጣሽው፤ እኔ አንቺን አንድ ቀን ባሳድር ምን አለበት?» አሉ።

ራት ዓሣ በላን። እኔ ክርስቲያን፣ ጋሽ ሁሴን ሙስሊም ስለሆንን ሥጋ በአንድ ትሪ አንበላም። ዓሣ ግን ማን ባረከው አይባልም። ከአንድ ትሪ፣ እሾሁን ወደ አንድ ጥግ እየገፋን፣ ያለ ጨዋታ በላን።

ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለ ወባና ስለ ውሃው ጠየቅሁ። ነርሷ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ልጆቹ እንዳይገቡ፣ ቢልሃርዚያ እንዳለ ነገረችኝ። «ላንጋኖ ይሻላል ይባላል፤ አጎበር ግን እንዳትረሺ» አለችኝ። ዝዋይም ተሰረዘ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹን እንደ ዘበኛ ከበው ቆመው ሳለ ጥለናቸው ሄድን።

የላንጋኖ ምዕራብ ዳር ሎጆች አሉበት። አንዱ በር ላይ የቆመው ጥበቃ በትሕትና አስገብቶ አሳየን። ንጹሕ ነው፣ ያምራል፤ ግን የእኛ ወላጆች አቅም አይደለም። ጥበቃው ራሱ፣ «በምሥራቅ በኩል ገበሬዎቹ ያሉበት ሂዱ። እዚያ ዛፍም ጥላም አለ» አለን። እንዳለን ወደ አርሲ ነጌሌ አቅጣጫ ተጓዝንና ከከተማዋ ሳንደርስ ወደ ግራ በሚገነጠለው ፒስታ መንገድ በጋሪ ገባን። አዳማ ላይ ባጃጅ ጋሪን ካባረረው ቆይቷል። ጋሽ ሁሴን ጋሪው ላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸውን ዘና አደረጉ፤ ፈረስ ፍሬን የለውም።

ሐይቁ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ቡናማ ነው። ዳሩ አሸዋ፣ ከጀርባው ትልልቅ ግራርና ሾላ፣ ከዚያ በላይ የአርሲ ተራሮች። ባለጋሪው ስለ ቦታው የሚጠየቁት ሽማግሌ ኦቦ ቃሲም እንደሚባሉ፣ ግን ለጉዳይ ነጌሌ ሄደው ነገ እንደሚመለሱ ነገረንና ወደ ሚስታቸው ወሰደን። አደ ቦንቱ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ቀጭንና ፈጣን ሴት ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ጋሽ ሁሴን በኦሮምኛ አስረዷቸውና ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው ፈቀዱልን።

ድንኳን የምንተክልበትን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ደረቅ የወንዝ ሸለቆ አጠገብ ለጥ ያለ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ለስላሳ አሸዋ አገኘሁ። ከአረንጓዴው ድንኳን አንድ ብረት ጎድሎ ነበር፤ ጋሽ ሁሴን ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ልጠው፣ በገመድ አስረው ከብረቱ የተሻለ አደረጉት። ከዚያ ለመስገድ ወደ ውሃው ወረዱ።

እሳቸው እዚያ ሳሉ አደ ቦንቱ መጡ። ድንኳኖቹን አዩና አሸዋውን በእግራቸው እየመቱ፣ «አስ ቢሻን ኒ ዱፋ» አሉኝ።

የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው። «ቢሻን» ውሃ እንደሆነ፣ «ዱፋ» መምጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ ይመጣላችኋል፣ እናመጣላችኋለን ያሉኝ መሰለኝ። ጀሪካኑን አንሥቼ አሳየኋቸውና፣ «አለን፣ ገላቶማ» ብዬ አመሰገንኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው እጃቸውን ወደ ተራሮቹ ዘረጉ። ተራሮቹን አየሁ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወርቅ ሆነዋል። «ባሬዳ!» አልኳቸው፤ ያምራል ማለቴ ነው። አደ ቦንቱ ትንሽ አዩኝና ሄዱ። ደግ ሴት ናቸው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ረቡዕ

ደህና አደርን። ጋሽ ሁሴን ጀርባቸውን እያሹ ከድንኳን ወጡና ከጅቡቲ በረሃ ይሻላል አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ጥርኝ ውሃ ፊታቸው ላይ ረጭተው ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ።

«ሐያት ትወደዋለች» አሉ ቀስ ብለው።

ቁርስ ላይ ዳቧችንን ጦጣ ወሰደብን። ዛፍ ላይ ወጥታ ፊት ለፊታችን በላችው። ጋሽ ሁሴን ድንጋይ አንሥተው ተዉት፤ «ረቡዕ ነው፤ አንቺም ጾመኛ፣ እኔም ጥርሴ አይችለው» አሉ። እስከ ቀትር ስንሠራ ዋልን፤ ሽንት ቤት የት እንደሚቆፈር፣ አውቶቡስ የት እንደሚቆም፣ ምግብ የት እንደሚበስል። ሁሉም ነገር ልክ እየመጣ ነበር። ልጆቹ የሚተኙበትን አሥር ድንኳን በአሸዋው ላይ በእንጨት እያሰመርኩ ምልክት አደረግሁ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ሁሴን ድንኳናቸውን ዘግተው ተኙ። እኔ ልጆች የት ድረስ መግባት እንደሚችሉ ልይ ብዬ እስከ ጉልበቴ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ፀሐይዋ እንደ አዳማ ታቃጥላለች። ተራሮቹ ግን አይታዩም ነበር፤ ከላያቸው ጥቁር ደመና ተጋድሟል። እኛ ዘንድ ጠብ አላለም።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ከባድ መኪና በጠጠር ላይ ሲመጣ ዓይነት ነው። እዚህ መንገድ የለም እኮ ብዬ ዞር ስል አደ ቦንቱን አየሁ። ነጠላቸው ወድቋል፣ ማጭድ በእጃቸው ይዘዋል፣ በባዶ እግራቸው ከላይ እየሮጡ ይጮኻሉ።

«በኣ! በኣ! ለጋቱ ዱፌ!»

ውጡ፣ ወንዙ ነው የሚሉት። ዱፌ። መጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። ትናንት ሴትዮዋ ውሃ አመጣለሁ አላሉም። እዚህ ውሃ ይመጣል ነው ያሉት።

ከሐይቁ እስከ ድንኳኑ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል። ስደርስ በደረቁ ሸለቆ ጭቃ፣ ቅርንጫፍና አረፋ ተንከባሎ እየመጣ አሸዋው ላይ መንጣለል ጀምሯል። «ጋሽ ሁሴን! ይውጡ!» አልኩ። ከውስጥ፣ «ምንድን ነው?» አሉ በእንቅልፍ ድምፅ። ዚፑን ሳብኩት። ከግማሽ አላልፍ አለ፤ አሸዋ በልቶታል። ወደ ላይም ወደ ታችም አይሄድም። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። እሳቸውም ከውስጥ ይጎትታሉ፣ እኔም ከውጭ እጎትታለሁ፤ እርስ በርሳችን እየተሳሳብን ነው። አደ ቦንቱ ደረሱና በትከሻቸው ገፉኝ። ማጭዱን ከላይ ሰክተው ድንኳኑን እስከ ታች ቀደዱት። ሁለታችን ብብታቸውን ይዘን አወጣናቸው። ውሃው ጉልበታችን ደርሷል፤ የሚንከባለል ግንድ መጣና የጋሽ ሁሴንን ባት መታው። ወደቁ፤ እኛም አብረን ወደቅን፤ ተነሣን። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከፍ ያለው መሬት ላይ ሥር ይዘን ወጣን።

ስንዞር አረንጓዴው ድንኳን የለም። ሰማያዊው እንደ ተነፋ ፌስታል ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ወደ መሐል እየሄደ ነው። አሥሩን ምልክት ያደረግሁበት አሸዋ ቀይ ወንዝ ሆኗል። ሰማዩ አሁንም ጥርት ያለ ነበር።

ጋሽ ሁሴን አንድ እግራቸው ባዶ ነው፣ ከባታቸው ደም ይወርዳል። ውሃውን አዩ። ከዚያ ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ሐያትን እዚያ ነበር የምታስተኛት?» አሉኝ።



አደ ቦንቱ ቤታቸው ወሰዱን። ቁስሉን በሞቀ ውሃና በጨው አጠቡ፤ ለእኔ የምራታቸውን ቀሚስ፣ ለጋሽ ሁሴን የባላቸውን ሽርጥ አመጡ። ወተት ቀዱልን። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ሳመነታ ጋሽ ሁሴን በኦሮምኛ ረቡዕ መሆኑን ነገሯቸው። አደ ቦንቱ ብርጭቆውን ተቀብለውኝ ወጡና ድንች ቀቅለው፣ በሚጥሚጣ፣ ትኩሱን አቀረቡልኝ። በሕይወቴ የሚያስለቅስ ድንች የበላሁት ያን ቀን ነው። ሚጥሚጣው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ኦቦ ቃሲም ሊመሽ ሲል ከነጌሌ ደረሱ። አማርኛ ይችላሉ። የሆነውን ሰምተው ሚስታቸውን ምን እንዳሉኝ ጠየቁ፤ እኔም የመለስኩትን ሁሉ፣ ያቺን «ባሬዳ» እንኳ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ተራራው ላይ ሲዘንብ እዚህ ፀሐይ ነው» አሉ። «የከተማ ሰው ራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ነው የሚያየው። እኛ ተራራውን ነው የምናየው።»

ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነበር፤ ውሃ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ።

ሐሙስ

ጠዋት ቶሎ ልሂድ አልኩ። ካምፑ በልቤ አብቅቶ ነበር። ጋሽ ሁሴን ግን የኦቦ ቃሲምን ዱላ ይዘው ጠፉ። ስፈልጋቸው ከቤቱ በላይ፣ ከሸለቆው በጣም ርቆ፣ ትልቅ ሾላ ያለበት ጉብታ ላይ ከሽማግሌው ጋር ቆመው አገኘኋቸው። እያነከሱ ጉብታውን ይዞራሉ፣ በዱላው መሬቱን ይወጋሉ፣ ይጠይቃሉ። ኦቦ ቃሲም ከልጅነታቸው ጀምሮ ውሃ እዚህ ደርሶ እንደማያውቅ፣ ከብቶቻቸውንም በክረምት እዚህ እንደሚያሳድሩ ነገሯቸው።  

ስንለያይ ኦቦ ቃሲም የራሳቸውን ሸራ ጫማ አውልቀው ለጋሽ ሁሴን አደረጉላቸው። ቁጥሩ ሰፊ ነበር፤ አደ ቦንቱ በጨርቅ ሞሉት። ነጌሌ ላይ ቁስሉን በደንብ አሳሸግንና ወደ ቤት በሚወስደው መኪና ተሳፈርን። ያን ቀን ጋሽ ሁሴን ጋቢና አልተቀመጡም፤ ከኋላ፣ መስኮት ዳር፣ ከእኔ አጠገብ ነበሩ። ባቱን፣ መቂን፣ ቆቃን አለፍን። አዳማ ስንገባ ያ የለመድነው ንፋስ አቧራውን ፊታችን ላይ በተነው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ

ይህን ቀን ከጉዞው ባልቆጥረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጉዞው ያለቀው እዚህ ነው። ወላጆች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ልጆቹም ከኋላ ነበሩ። ሌሊቱን ንግግር ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት፤ አሳምሬ፣ አለስልሼ፣ «አንዳንድ ችግሮች አጋጥመውን» የሚል። ስቆም ያንን ወረቀት አላነበብኩትም። ቦታውን ማን እንደ መረጠ፣ ሴትዮዋ ምን እንዳሉኝ፣ እኔ ምን እንደመለስኩ፣ ዚፑ እንዴት እንደተያዘ፣ አሥሩ ድንኳን የት ሊተከል እንደነበር ሁሉን ተናገርኩ። ጉብታውንም አልደበቅሁም፤ ግን ወሳኞቹ እነሱ መሆናቸውን ነገርኳቸው።

አንዲት እናት ተነሥታ፣ «የእኔን ልጅ ስም ሰርዢ» አለች። ሌላውም ተከተለ። ልክ ነበሩ። ከኋላ አንዱ ልጅ አገጩን እጁ ላይ ጣለ።

ከዚያ ጋሽ ሁሴን ተነሡ። የታሸገውን እግራቸውን ሁሉም አየ።

«እኔ ይህን ነገር ልናገር አልመጣሁም» አሉ። «ልጅት እንዳታፍር፣ ድንኳኑን ንፋስ ወሰደው ብዬ ልል ነበር ሐሳቤ። ሐያትን ግን አልሰጥም ብዬ ቆርጬ ነበር።» በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «አሁን ሁሉን ራሷ አወጣችው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሾፌር ስቀጥርና ስቀጠር ኖሬአለሁ። መኪና ያልጋጨ ሾፌር አላውቅም። የምፈራው ግጭቱን የሚደብቀውን ነው። ሐያት ትሄዳለች። ጉብታው ላይ ታድራለች፤ እኔም አጠገቧ እተኛለሁ።»

ከሃያ ሁለቱ የሚሄዱት አሥራ ሦስት ልጆች ሆኑ። የምንሄደው በሐምሌ ነው፤ ድንኳኑ የት እንደሚተከል የሚያሳዩን አደ ቦንቱ ናቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹ ኦሮምኛን ከሐያት የኦሮሞ ጓደኞች ጥቂት ጥቂት እየተማሩ ነው። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እማራለሁ።

ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ሁሴን ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ለመውረድ ፈርተዋል። ክንዴን ሰጠኋቸው።

«ጋሽ ሁሴን፣ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅሁዎትም» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ አንዱን ደረጃ እየረገጡ። «እየጠበቅሁ ነበር።»

ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው።